በሰው አገር ጎንደርን በወጉ ማሳየት፦ ከዕቃው ጭነት እስከ በረካው

ውጭ አገር የሚኖር የጎንደር ሰው አንድ ቀን ሳያስበው ልቡ ይሞቃል። ለዓመታት «ከየት ነህ?» ሲሉት «ከኢትዮጵያ» ብሎ ሲያልፍ ኖሯል። ከዕለታት አንድ ቀን የሥራ ባልደረባው ስልኩ ላይ የፋሲል ግንብን ፎቶ ከፍቶ «ይሄ በእርግጥ አፍሪካ ውስጥ ነው?» ይለዋል፤ ወይም የልጁ ትምህርት ቤት «የባህል ቀን ስላለን የአገራችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ» የሚል ወረቀት ይልክለታል። ያኔ ሳይታወቀው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ጎንደር እያለ በግንቡ ሥር በየቀኑ ሲመላለስ ዞር ብሎ ያላየው ሰው፣ አሁን ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ መናገር ያምረዋል።

ስሜቱ ድንገት ይምጣ እንጂ መስተንግዶው ድንገት አይሆንም። እንዲህ ያለ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ የተነገረው ታሪክ ልክ አይሆንም፣ ወይ የቀረበው ቡና አይጣፍጥም። ሁለቱም በዝግጅት ይስተካከላሉ። ከዚህ በታች ያለው ከ10 እስከ 12 ሰው ለሚገኝበት ግብዣ የሚሆን ነው፤ ቤትም ይሁን መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት። ጎንደር ያላችሁ ወላጆች፣ እህቶችና ወንድሞችም አንብቡት፤ ዕቃውን መርጣችሁና አሽጋችሁ የምትልኩት እናንተ ናችሁና። የአንድ ወር ጊዜ ካላችሁ ሁሉም ይደርሳል።

አፍ ማሟሻ

እንግዳ ብዙ ዓመተ ምሕረት አይሸከምም። ጥቂት ነገር ምረጡና በቃላችሁ ያዙት፤ የያዛችሁት ግን የተጣራ ይሁን።

ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው፤ ዘመኑ 1628 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1636 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ፣ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ቆየች። «የፋሲል ግንብ» ስንል ብዙ ሰው አንድ ሕንፃ ብቻ ይመስለዋል። ግቢው 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን ከፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ሌላ የዮሐንስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች አሉበት። ይህን አንድ ነገር በትክክል ብትናገሩ እንግዳው ፎቶውን እንደገና አተኩሮ ያየዋል፤ ምክንያቱም የሚያየው የአንድ ንጉሥ ቤት ሳይሆን አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እየጨመረ ያስረከበው ሰፈር መሆኑ ይገባዋል።

ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በፈረንጆች 1979 ነው። መዝገቡ ግቢውን ብቻ አይይዝም፤ የፋሲለደስ መዋኛ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ አብረው ተመዝግበዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በፈረንጆች 1978 ከላሊበላ ጋር ሲመዘገብ፣ በመላው ዓለም መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። ከ12ቱ ሁለቱ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ከእኛም ሰው ብዙው አያውቅም። ደጋግማችሁ ተናገሩት።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። በግድግዳ የሚለጠፍ ጽሑፍ አንዱ ላይ 1628፣ ሌላው ላይ 1636 ብሎ ያለ ማብራሪያ ከተቀመጠ፣ አንባቢው አንዱ ስህተት ነው ብሎ ያልፋል። ወይ ሁሉንም በፈረንጆች ጻፉ፣ ወይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የእኛ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይ በአንድ መስመር አስረዱ። የዓመቱ አሥራ ሦስት ወርና ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠራችን ለብቻው የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ይወጣዋል፤ ልጆች በተለይ ይወዱታል።

የውጭ መጽሔቶች ለጎንደር ያወጡላት «የአፍሪካ ካሜሎት» የሚል አንድ የእንግሊዝ አገር ተረት ስም አለ። እባካችሁ ተዉት። ጎንደር ራሷን ለማስተዋወቅ የሌላ አገር የተረት ከተማ መዋስ አያስፈልጋትም።

ከጎንደር የሚሄደው ዕቃ

ጀበናውን ቅዳሜ ገበያ ወይም በደባርቅ መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ካለችው ወለቃ ግዙ። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረች ናት፤ የሸክላ ሥራዋ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ጀበናው ከየት እንደተገዛ መናገር መቻል በራሱ ግማሽ መስተንግዶ ነው።

ስትመርጡ በጣት ኳ አድርጉት። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልበሰለ ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ውሃ ሞልታችሁ ለግማሽ ሰዓት ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱ ላይ ክብ እርጥበት ከታየ ሌላ ምረጡ። አንገቱና እጀታው ከሆዱ የሚገናኙበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ፤ በጉዞ ላይ የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ለ10 ሰው ሆዱ አንድ ሊትር ያህል የሚይዝ ይሁን።

ማሸጉ ቀላል ነው። አንገቱን በጥጥ ወይም በካልሲ ጠቅጥቁት፣ እጀታው ከሆዱ ጋር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ሙሉት፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በካልሲ አድርጉ፤ ሁለት ትርፍ ጨምሩ። የብረት ዘነዘና ግን በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ ሙቀጫና ዘነዘና ወደሚጫነው ሻንጣ ይግቡ። ክብደቱ ከበዛባችሁ በእጅ የሚዞር የቡና መፍጫ እዚያው መግዛት ይቻላል፣ የሙቀጫው ድምፅ ግን ይቀርባችኋል። ለእኛ ቡና ጠሪው እሱ ስለሆነ ቢቻል አትተዉት።

ቅቤና ቋንታ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ የሥጋና የወተት ውጤት በኬላ ይጣላል። እናት ሦስት ቀን ለፍተው ያነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ሲገባ ከማየት አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ቂቤው እዚያው ከሱቅ በሚገዛ ጨው አልባ ቅቤ ይነጠራል፤ ከዚህ የሚላከው ቅመሙ ይሁን፤ ኮረሪማው፣ አብሹና ኮሰረቱ ደርቀውና ተለይተው ይታሸጉ። ጥሬ ቡና ከአገር ሲወጣ የተወሰነ መጠን ስላለው ከጉዞ በፊት ጠይቁ። ስፌትና የእንጨት ረከቦት ወደ አውስትራሊያ የሚወስድ ሰው ኬላ ላይ ማስመዝገብ አለበት፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረ የእህል ፍሬ እንዳይኖር አራግፉት።

ብራና፣ ክታብና የቆየ መስቀል አትላኩ። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። አዲስ የተሠራም ቢሆን አሮጌ የሚመስል ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ ደረሰኝ ያዙ፣ ካስፈለገም ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ አውጡ።

ፎቶ ከመረብ ላይ ከመልቀም ቤተሰብ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ። ከማለዳው አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን የድንጋዩን ቀለም ያወጣዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ግንቡ ይነጣል፣ መስኮቶቹም ይጠቁራሉ። ኤ3 በሚባለው ወረቀት ጥርት ብሎ እንዲታተም ምስሉ ወደ 3,500 በ4,960 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ስልክ ላይ ደህና የመሰለው ሲታተም ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ይላክ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ደግሞ በፍላሽ አታንሱ፤ የጣሪያው የመላእክት ፊቶች የቆዩ ሥዕሎች ናቸው።

ጀበናውን ማሟሸት

አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና ቢፈላበት አፈር አፈር ይላል፣ ያንጠባጥባልም። ግብዣው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። በለብ ያለ ውሃ አለቅልቁት፤ ቀጥሎ የቡና አተላና ውሃ ሞልታችሁ በዝቅተኛ እሳት ለሃያ ደቂቃ ያህል አፍሉት፤ እዚያው ውስጥ ይደርና ይደፋ። ይህንን ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሸክላው የቡናውን ዘይትና ደቃቅ ዱቄት እየጠጣ ቀዳዳው ይደፈናል።

ውጭ አገር ያለው ምድጃ የራሱ ጠባይ አለው። በማግኔት የሚሠራው ኢንዳክሽን ሸክላን ጨርሶ አያሞቅም፤ ጀበናው ላዩ ላይ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። መስተዋት መሰሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያሞቃል፣ ግን በአንድ ጊዜ ከፍ ከተደረገ የጀበናው ቂጥ ይሰነጠቃል። ውሃው ገብቶበት፣ በዝቅተኛው ሙቀት አምስት ደቂቃ ካዋላችሁት በኋላ ጥቂት በጥቂት ከፍ አድርጉ። በጋዝ ከሆነ በነበልባሉና በጀበናው መካከል የብረት ሰሌዳ ጣል አድርጉ። በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር፣ ባዶውን እሳት ላይ መጣድ፣ ከእሳት አውርዶ እርጥብ እምነ በረድ ላይ ማስቀመጥ፣ ሦስቱም ይሰብሩታል። ኢንዳክሽን ብቻ ያላችሁ ቡናውን በብረት ድስት አፍልታችሁ፣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ በሞቀ ጀበና ውስጥ ገልብጣችሁ አጥልሉት። ጣዕሙ ይቀራረባል፤ አቀዳዱም ያው ነው።

ቡናው

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ለንደን ወይም ሮተርዳም ውስጥ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ብዙ ሰው «ቡናው ያው፣ ጀበናው ያው፣ ለምን መረረ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እጃችሁ የለመደው ጊዜ ለዝቅተኛው ሙቀት ነበር። እዚያ ቡናው በኃይል ይፈላል፣ ፈጥኖ ይገነፍላል፣ ከዱቄቱም ምሬቱን ጨምሮ ያወጣል። መፍትሔው አፍ ላይ ሲደርስ ወዲያው ማውረድ ነው፤ ደጋግሞ እያስነሱ ማውረድ የሚያስፈልገው እዚህ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ለ10 ሰው 100 ግራም ጥሬ ቡና ውሰዱ። ሲቆላ ክብደቱ 15 እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 85 ግራም ያህል ይደርሳችኋል። ነቀዙንና የተሰበረውን ልቀሙ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ እሹት፣ ገለፈቱ ይወጣል። ብረት ምጣዱ ይጋል፤ ቡናው ገብቶ ሳያቋርጥ ይታመስ። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ የሣር ሽታ ያመጣል። ከ8 ደቂቃ ገደማ በኋላ መንጣጣት ይጀምራል። መንጣጣቱ ረገብ ሲልና ፊቱ ላይ ቀጭን ወዝ ብቅ ሲል አውርዱት፤ ምጣዱ ላይ አትተዉት፣ ብረቱ በያዘው ሙቀት ማረሩን ይቀጥላል። ሰፌድ ላይ በትኑት። ዳርና ዳሩ የጠቆረ፣ መካከሉ ቢጫ የሆነ ቡና ያያችሁ እንደሆነ እሳቱ በዝቶ ነበር ወይም እጃችሁ አርፏል።

የተቆላውን ለእንግዶች አዙሩላቸው፤ ጭሱን በእጃቸው ወደ ራሳቸው ይሳቡት። ማሳየት ግን በቂ አይደለም፤ ቀድማችሁ አንዴ ብቻ ንገሯቸው፣ አለዚያ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ሳይገባው ሳህኑን ይቀበላችሁና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

ውሃው 850 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ከዚህ ውስጥ 150 ያህሉ ከአተላው ጋር ይቀራል፣ የቀረው ሲኒ በሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ሲሆን ለ10 ይደርሳል። ውሃው ጀበናው ውስጥ ሲሞቅ የተወቀጠውን ቡና በአንገቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ ከገባ ይታነቅና ይገነፍላል። አረፋው አንገት ላይ ሲወጣ አውርዱ፤ ማቶቱ ላይ ጋደም አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይጥለል። ይህቺን አምስት ደቂቃ አትቀንሷት፤ ሲኒ ውስጥ አተላ የሚገኘው ሁልጊዜ በችኮላ ነው። ስትቀዱ ጀበናውን ቀና አታድርጉት፤ በአንድ ተዳፋት ይዛችሁ ከሲኒ ወደ ሲኒ ሳታቋርጡ ሂዱ። ቀና ዘንበል ባለ ቁጥር የተዘቀጠው ይነሳል።

ቶናው በዚያው አተላ ላይ ነው። ሙቅ ውሃ 700 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ አይሁን፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ለማያውቁት ሰዎች ቡናው የቀጠነ እንዳይመስላቸው አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና ጣል ማድረግ ነውር የለውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን ስሞች ስትጠሩ በረካ ማለት በረከት እንደሆነ ንገሯቸው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሰጣችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ እስከ ቶናው ድረሱ፤ በረካው ሌላ ቀን ቤት የመጥሪያ ምክንያት ይሁናችሁ።

ጭሱ

የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት በጭራሽ አይሞከር፤ የቤት ኪራይ ውል ያስፈርሳል፣ ከዚያም አልፎ ሕይወት ያስከፍላል። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም የኩሽናው ጭስ መሳቢያ ማራገቢያ በከፍተኛው እየሠራ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ወደ ሳሎን የሚወስደው በር ተዘግቶ ይቆላ። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ውስጥ ከቶ አትቁሉ፤ የአንድ ሕንፃ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል። በጠዋት ቤት ቆልታችሁ በክዳን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና እዚያ ስትከፍቱት ያሽትቱ፤ አዲስ የተቆላ ቡና ሽታው ሰዓታት ይቆያል።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም። የውጭ አገር ቤት ሙቀት እንዳይወጣ ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። እጣኑን ለማጨስ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ተጠቀሙ፤ የአተር ፍሬ የምታህል ሁለት ፍሬ እጣን ለአንድ ክፍል ትበቃለች። ከእንግዶቹ አስም ያለበት ሰው እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቄጠማውን ከአገር መላክ አይቻልም። አበባ ሻጭ ጋ ረጅም ቅጠል ያለው ሣር ይገኛል፤ ሁለት እስር ይበቃል። የፕላስቲኩን ቄጠማ አንወደውም፣ ግን ክረምት ላይ ምርጫ ሲጠፋ ከባዶ ወለል ይሻላል።

የቡና ቁርስ

ድፎ ዳቦ ከሁሉ ይቀላል፣ ሁሉም ሰው ይበላዋል። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 8 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 18 ግራም ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ጎንደር የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በተለይ ኩሽናው 18 ዲግሪ ከሆነ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን ተመልከቱ፤ እጥፍ ሲሆን ነው። ኮባ በእስያውያን ሱቅ በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ አቅልጡት፣ አድርቁት፣ እሳት ላይ ለቅጽበት ለብለብ አድርጉት፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በ180 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተከድኖ፣ ከዚያ ለሌላ 25 ደቂቃ ተከፍቶ ይጋገር። ሳይቀዘቅዝ ከተቆረሰ መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ቆሎው ውስጥ ለውዝ አትቀላቅሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለውዝን ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ በአንድ ፍሬ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ገብሱንና ሽምብራውን ብቻ ቁሉ፣ ሳህኑ ላይም ምን እንዳለበት ጻፉ።

የሚመጡት ጥያቄዎች

«ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት?» ይህ አይቀርም። መልሱን አረጋግታችሁ ስጡ። ዐፄ ፋሲለደስ ከፖርቱጋሎቹ ጋር የመጡትን የካቶሊክ መልክተኞች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጡት ጎንደርን ከመመሥረታቸው በፊት ነው። ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ሙያ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ገብቷል፤ በሕንፃዎቹም ላይ የህንድና የዓረብ አገር አሻራ አለ። ንጉሡ ሙያውን ወስደው፣ መልክተኞቹን ሸኝተው፣ በራሳቸው ፈቃድና በአገራቸው ሠራተኞች ከተማ አቆሙ። ሌላ ማጋነን አያስፈልገውም።

«ቅኝ አልተገዛችሁም አይደል?» ሲሉ ዝም ብላችሁ አዎ ብቻ አትበሉ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ ነበር፤ አርበኞቹም አምስቱን ዓመት ሳያርፉ ተዋጉ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ የሆነው ጎንደር ነበር፤ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን የምታውቁ ከሆነ ጠያቂው ከጥያቄው የበለጠ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ስለ ረሃብ ይጠይቃሉ። አትቆጡ፣ አትካዱም። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሆኗል፤ ድርቅ፣ ጦርነትና የዘመኑ አገዛዝ ተደራርበው ሕዝብ አልቋል። ይህን ብላችሁ ስታበቁ ድፎውን ቁረሱ። ስለ ሰሞኑ የአማራ ክልል ችግር ከጠየቁም እንደዚያው፤ የምታውቁትን ተናገሩ፣ የሚያማችሁን አትሸፍኑ። አገሩን የሚወድ ሰው ሲያዝን ማየት እንግዳን አያርቅም።

ከግብዣው ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊ ካለ ሁሉን ነገር የጎንደር አታድርጉት። ቡናው የካፋ ምድር ስጦታ ነው፣ ሥርዓቱ የሁላችን ነው፣ አክሱምና ላሊበላ ከጎንደር ይቀድማሉ። የእናንተ የሆነውን በልኩ ስትናገሩ ጎጃሜውም ወሎዬውም የራሱን ይጨምርበታል፤ ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው።

ልጆቹ

እዚያ የተወለደ ልጅ በአገሩ እንዲኮራ በትእዛዝ አይሆንም። ሥራ ስጡት። አንዱ ሲኒ ያድርስ፣ አንዷ የእንግዶቹን ስም በፊደል ትጻፍላቸው። ይህ ሁለተኛው ነገር ከምንም በላይ ይሠራል። ከግብዣው በፊት ስሞቹን ተቀበሉና ልጅቷ ሁለት ቀን ትለማመድ፤ ወፍራም ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም፣ ፊደሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው። ስሙን በማያውቀው ፊደል ተጽፎ የተቀበለ ሰው ወረቀቱን አይጥለውም፤ ልጅቷም የጓደኞቿ ወላጆች ተሰልፈው ሲጠብቋት ታያለች። «ጎንደር» የሚለውን ቃል ከላይ በትልቁ ትጻፈው፤ «ጎ»ን «ጐ» ብላ ብትጽፈውም አትቆጧት፣ ሁለቱም አለ።

ጥምቀት ሲመጣ

ለሥራ ፈቃድ የምትጠይቁ ቀኑን አስቀድማችሁ አስሉ። ጥር 11 በፈረንጆች ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ እነሱ ፌብሩዋሪን 29 በሚያደርጉበት ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ 2028 እንዲህ ያለ ዓመት ነው። ከተራው በዋዜማው ነው። ማመልከቻው ላይ በዓሉ በፈረንጆች 2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን አንድ መስመር ጨምሩ፤ አለቃ የሚያውቀው ስም ሲያይ ነገሩን እንደ ሰበብ አይቆጥረውም። የጎንደሩን ስታስረዱ ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ስለሚሞላው የፋሲለደስ መዋኛ ተናገሩ፤ የመዋኛውን አጥር አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ፎቶ አሳዩ። ሥሩ ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል፤ የትኛው የትኛውን እንደያዘ አይለይም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጀበናውን በሳሙና አትጠቡት፤ ሸክላው ይጠጣዋል፣ ቀጣዩ አቦል ሳሙና ሳሙና ይላል። አተላውን ድፉ፣ በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ ውታፉን አውጥታችሁ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ለሁለት ቀን አየር ይንካው። እርጥብ እያለ ቁም ሣጥን ከገባ ይሻግታል። ከሻገተ ውሃ ብቻ አፍልታችሁ ድፉት፣ ከዚያ እንደ አዲስ በአተላ አሟሹት።